በላንጋኖ የአየር ጥራት ቁጥጥር፦ ሽታ ማስረጃ ይሆናልን?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የላንጋኖ ሐይቅ በመዝናኛነቱ እንጂ በፋብሪካ ጭስ አይታወቅም። ይሁንና ከሐይቁ በስተሰሜን ባለው የአሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ ከምድር ስንጥቆች እንፋሎት ሲወጣ የኖረ ሲሆን፣ በስፍራው የአገሪቱ የመጀመሪያ የጂኦተርማል ኃይል ማመንጫ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተገንብቷል። ጣቢያው 7 ሜጋዋት ገደማ እንዲያመነጭ በሙከራ ደረጃ የተሠራ ሲሆን፣ በቴክኒክ ችግር ሥራው በተደጋጋሚ ተስተጓጉሏል። የማመንጨት አቅሙን ወደ 70 ሜጋዋት ለማሳደግም ዕቅድ ወጥቶ ተጨማሪ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል።

የጂኦተርማል ኃይል ከነዳጅ ይልቅ ንጹሕ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ከእንፋሎቱ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድና አነስተኛ መጠን ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ በሌለበት ጊዜ በዝቅተኛ ስፍራዎች ሊጠራቀም ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ሲባል ያስቀመጠው መጠን በ24 ሰዓት አማካይ 150 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ ነው። ሽታው ሰውን እንዳያስቸግር ግን በግማሽ ሰዓት አማካይ ከ7 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለሆነም ነዋሪዎች ሽታ አስቸገረን ማለታቸው ብቻውን የጤና ወሰኑ መጣሱን አያረጋግጥም። በአንጻሩ የጋዙ መጠን እጅግ ሲጨምር፣ ማለትም ከሚሊዮን አንድ መቶ እጅ አካባቢ ሲደርስ፣ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። አደጋው በሚከፋበት ሰዓት አፍንጫ ምንም አይነግርም ማለት ነው።

በሕግ ረገድ ክፍተቱ ብዙ አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የአየር ጥራት ደረጃዎች እንዲወጡ ከማዘዙም በላይ፣ የአካባቢ ተቆጣጣሪው ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ይዞታ ገብቶ እንዲለካ፣ ናሙና እንዲወስድና ፎቶግራፍ እንዲያነሳ ሥልጣን ሰጥቷል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ያለ ፈቃድ ፕሮጀክት በጀመረ ሰው ላይ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር የሚደርስ መቀጮ ጥሏል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ሥልጣኑ በተግባር ሲተረጎም የሚታይ ነው። በአዋጅ 299/1995 መሠረት ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚወስድ ፕሮጀክት ክትትል የፌዴራሉ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሌላው የክልሉ አካል ድርሻ ነው። በላንጋኖ ስናየው የኃይል ማመንጫው ለአንዱ፣ የመዝናኛ ሆቴሉ ጄኔሬተር ለሌላው ይደርሳል፤ አየሩ ግን አንድ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያም የግምገማ ሥራው ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተሰጥቶ እንደነበር ይታወሳል። ልማቱን የሚያፋጥን መሥሪያ ቤት ራሱ ገምጋሚ እንዲሆን መደረጉ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ልማትንና ቁጥጥርን ለመለየት ከወጣው ከአዋጅ ቁጥር 295/1995 መንፈስ ጋር የሚስማማ አልነበረም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የመነሻ ልኬት ጉዳይ ነው። አሉቶ ጉድጓድ ሳይቆፈርበትም ጋዝ ይተነፍስ ነበር። አዳዲስ ጉድጓዶች ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በሐይቁ ዳርቻና በመንደሮቹ ያለው የጋዝ መጠን በየወቅቱ ተለክቶ ካልተመዘገበ፣ የትኛው ከተራራው የትኛው ከጉድጓዱ እንደመጣ ተቆጣጣሪውም አልሚውም ሊያስረዱ አይችሉም። አልሚው ያላደረሰው ጉዳት ሊጠየቅበት፣ ነዋሪውም የደረሰበትን ማረጋገጥ ሊሳነው ይችላል።

አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀናት ውስጥ ካልወሰነ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት እንደሚችልም ደንግጓል። በወረዳ ደረጃ ያለ ባለሙያ ደብዳቤው በደረሰው ዕለት የመለኪያ መሣሪያ መፈለግ ከጀመረ፣ በሠላሳ ቀናት ውስጥ የሚሰበስበው መረጃ የአንድ ወቅት ብቻ ይሆናል፤ የሚያነጻጽርበት የቀደመ መዝገብም አይኖረውም።