ስንት ትጥላለች ከማለት በፊት

መጋቢት ላይ አንዲት የጋምቤላ ከተማ እናት የሞቱ ዶሮዎች በጆንያ ይዘው መጡ። «ዶክተር፣ ክትባት ብለው ውሃ ነው የሸጡልኝ፤ ፈንግል ጨረሰብኝ» አሉ። ከፍቼ ሳይ የፈንግል ምልክት የለም። ሁሉም የሞቱት ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ የገደላቸው ሙቀት ነው። ያልገባቸው ደግሞ የሞቱት ወፍራሞቹ፣ «ምርጦቼ» የሚሏቸው መሆናቸው ነበር።

ገዘፍ ያለች ዶሮ ጠንካራ ናት የሚለውን እምነት ስንት ጊዜ እንደተሟገትኩት! ዶሮ ላብ የላትም። ግዙፍ ሰውነት ሙቀቱን ይዞ ያስቀራል፤ ይህ ለብርድ አገር መልካም ነው። ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ አንድ መነኩሴ ሻንቴክሌር የተባለችውን ዝርያ ያወጣው ለዚያ ነው፦ ሰውነቷ ከበድ ያለ፣ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ውርጭ እንዳይበላው እጅግ ትንሽ። ደብረ ብርሃን ብሠራ እኔም ቀይ ሥጋዋ ያጠረውን ድምድማ ዶሮ እመርጥ ነበር። ባሮ ዳር፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የበጋው ሙቀት 40 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያ ቀይ ሥጋ ሰፊ ሲሆን ደሙ እዚያ እየዞረ ይቀዘቅዛል። ሰው «ቀጫጫ» ብሎ የሚንቃት ነጭ ሌግሆርን ወይም የግብጿ ፋዩሚ ከሰዓት በኋላውን የምትሻገረው በዚህና በቀላል ሰውነቷ ነው።

ከዚያ «በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች» የሚለው የሻጮች ወረቀት ይመጣል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ከ18 እስከ 24 ዲግሪ በሚሆን ቤት ውስጥ፣ ጠግባ ለምትበላ ዶሮ የተነገረ ነው። በሙቀት መብላት ታቆማለች፤ ያልበላች ደግሞ አትጥልም። አፏን ከፍታ ስታለከልክ የደሟ ኬሚስትሪ ይዛባል፣ ለቅርፊት የሚሆነው ካልሲየም ያንሳል፣ እንቁላሉ ይሳሳል። ባለቤቱ ኖራ ጨምሮ ይደፋል! ችግሩ ያለው ግን ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ደጋ ላይ እንደሚሠራው በላስቲክ የታፈነ ቤት ውስጥ ነው።

በጣም የሚገርመኝ መላታ የምትባለው ያገር ዶሮ ነገር ነው። አንገቷ ላባ ስለሌለው የታመመች ይመስላቸውና ቀድመው ያርዷታል። መላጣነቱ የዘር ነው፤ ከአባትም ከእናትም የወረሰችው ላባዋ ከሌላው ከ30 እስከ 40 በመቶ ያንሳል፤ ለቆላ ከዚህ የተሻለ ልብስ ከየት ይመጣል? እንደ አገር ዶሮ ሁሉ በዓመት ከ40 እስከ 60 ብቻ ትጥላለች፤ እሱን አልክድም። ከጥሩ እንቁላል ጣይ ጋር ማዳቀሉ ግን የቆላ አርቢዎች ሥራ መሆን ነበረበት፤ የምናደርገው ማረድ ነው።

ቄብ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ስትጎለምስ ስንት ኪሎ እንደምትሆን ሻጩን ጠይቁት። ላስቲኩን ቀዳችሁ በሽቦ ወንፊት ተኩት፣ ቆርቆሮውን ሣር አልብሱት፣ መኖ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ስጡ። የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ከደጋ አታምጡ፤ ግንቦት ዝናቡ እስኪገባ ጠብቁ።