የኦማን ሐልዋ፦ ከማማሰያው እስከ እንግዳው

በሙስካት የምንማር ኢትዮጵያውያን ወደ ኦማናውያን ቤት በእንግድነት ስንጠራ ከቡናው ጋር የሚቀርብልን ሐልዋ ነው። ሐልዋ በሐረርና በድሬዳዋም የታወቀ ስለሆነ እንደ አገር ቤት ዘመድ እንቀበለዋለን። ይሁን እንጂ ስለ አሠራሩና ስለ አበላሉ የምናውቀው ጥቂት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍም ይህንኑ ለማስረዳት የቀረበ ነው።

የሐልዋ ጥሬ ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ይኸውም ስኳር፣ ስታርች፣ ውሃ፣ ንጥር ቅቤ፣ ሳፍሮን፣ ሄል፣ የጽጌረዳ ውሃ፣ እንዲሁም ካሹ ወይም ለውዝ ነው። በጽጌረዳ ውሃው የታወቀው የጀበል አኽደር ተራራ ነው። ከባዱ ግን ሥራው ነው። ስኳሩና ስታርቹ በትልቅ የመዳብ ድስት ተጥዶ ሁለት ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ያለ ዕረፍት ይማሰላል። የስታርቹ ቅንጣቶች በሙቀት ውሃ እየመጠጡ ያብጣሉ፤ ቀስ በቀስም ፈንድተው ያወፍሩታል። ማማሰያው ካረፈ ከሥር ያራል፤ ከላይም ይጓጉላል። ቅቤውም ጥቂት በጥቂት ይጨመራል እንጂ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም። በቀድሞው ልማድ የሚነደው የግራር እንጨት ነበር፤ ዛሬ በጋዝ የሚሠሩም አሉ።

መብሰሉን ባለሙያው የሚያውቀው በዓይኑና በክንዱ ነው። በመሆኑም በሙትራህ ገበያ፣ በባርካና በንዝዋ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል፤ የቅመሙም ልክ የቤተሰብ ምሥጢር ነው። ልጅ እንደ እኛ ለትምህርት ከቤት ሲወጣ ታዲያ ማማሰያውን ማን ይረከባል? ክንድ የተማረውን ደብተር አይተካውም።

ሐልዋ ያለ ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ መቆየቱ ያስገርም ይሆናል። ምክንያቱ ስኳሩ ነው፤ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ጀርሞች ለመራባት የሚበቃቸውን ውሃ አያገኙም።

ወደ አበላሉ እንመለስ። መጀመሪያ በተጋበዝንበት ቤት እኛ እንደ ዳቦ ቆርሰን በላን፤ እምቢ ማለት ነውር መስሎን ደግሞ ጨመርን። ባለቤቶቹ ግን ጣት ጫፍ የምታህል ቀምሰው ወደ መራራው ቡና አለፉ። እዚህ «በሞቴ» የሚል የለም፤ የበቃው ሰው ሲኒውን ነቅነቅ አድርጎ ይመልሳል። ይህ የቡና ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2015 የኦማንና የሦስት ጎረቤት አገሮች የጋራ ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ሕክምና የምንማር እንደመሆናችን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የስኳር በሽታ በኦማን የተስፋፋ የጤና ችግር ነው፤ በአገራችንም እየጨመረ ነው። በሽታውን ሐልዋ ብቻውን አያመጣውም፤ የሰውነት ክብደት፣ እንቅስቃሴ ማጣትና የዘር ውርስም አሉበት። ነገር ግን ለእንግዳና ለበዓል የተሠራውን የየዕለት ምግብ ማድረግ ጉዳት አለው። ሁለት ሰዓት የተደከመበትን ነገር በጥቂቱ አጣጥሞ መብላት ለባለሙያው ክብር፣ ለእኛም ጤና ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ በሚቀጥለው ግብዣ ቅመሱ፣ አመስግኑ፤ ከዚያም ሲኒውን ነቅነቅ አድርጉ።