ጀርመን ወይስ ስዊድን? ክርክሩ የዘለለው የመጀመሪያው ሥራ

“ስዊድን ይሻላል” የሚለውና “ጀርመን ይሻላል” የሚለው ሲከራከሩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። አንዱ ልጅ ሲወለድ ወላጆች የሚካፈሉትን የ480 ቀን ዕረፍት ይጠቅሳል፤ ሌላው ጀርመን ሠራተኛ ፍለጋ ሕጓን እያላላች መሆኑን። አንዱ የስቶክሆልምን ክረምት ያማርራል፤ ሌላው የጀርመንን የቢሮ ቀጠሮ። (ስለ ጨለማው የሚወራው የተጋነነ ይመስለኛል፤ የሃምቡርግም ኅዳር ፀሐይ አይበዛበትም።) የሚሰማው ሰው ግን፣ በተለይ ጓዙን ለመሸከፍ ያሰበው፣ ከክርክሩ ሲነሣ ከመጀመሪያው ይበልጥ ግራ ይጋባል።

ቢጋባ አይፈረድበትም። ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ ሕክምና፣ የልጆች ድጎማ እያልን የምንዘረዝረው ሁሉ ሥራ ይዞ፣ ቤት አግኝቶ፣ ወረቀቱ ተስተካክሎለት የሚኖረውን ሰው ሕይወት ነው። እዚያ እስኪደረስ ያለውን ጊዜ የሚያወዳድር የለም። የሁለቱን አገሮች ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን ይኸው ጊዜ ነው፦ ለአዲስ ሰው የመጀመሪያውን ሥራ ማን፣ በምን ውል፣ በስንት ብር ይሰጠዋል?

በቁጥሩ እንጀምር። በ2024 (ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጀርመን ሥራ አጥነት 3.4 በመቶ ገደማ፣ የስዊድን ደግሞ 8.4 በመቶ ገደማ ነበር። የሚገርመው የጀርመን ኢኮኖሚ በ2023ም በ2024ም የኋሊት መሄዱ ነው። የመኪና ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ስለ መቀነስ በሚደራደሩበት ዓመት እንኳ ሥራ አጥነቱ ከስዊድን ግማሽ አልደረሰም። ከዚህ ተነሥቶ “ስዊድን ሥራ የለም” ማለት ግን ችኮላ ነው። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 64 ከሆኑት ሰዎች መካከል ሥራ ላይ ያሉት በሁለቱም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ናቸው፤ ስዊድን እንዲያውም በጥቂቱ ትበልጣለች። ሥራ አለ ማለት ነው። ሥራ አጥነቱ የተከመረው በተወሰኑ ሰዎች ላይ ነው፤ እነሱም ወጣቶችና በውጭ አገር የተወለዱ ናቸው። በስዊድን በውጭ አገር የተወለደ ሰው ሥራ አጥ የመሆን ዕድሉ እዚያው ከተወለደው ሰው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

ለዚህ የሚሰጡት የተለመዱ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ቋንቋ፣ አድልዎ፣ እና በ2015 የገባው የስደተኛ ብዛት። አንዳቸውንም አልክድም። ነገር ግን ጀርመንም በዚያው ዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ተቀብላለች፤ ጀርመንኛ ከስዊድንኛ አይቀልም፤ በስም እየለዩ ማመልከቻ ወደ ጎን ማድረግም ጀርመን ውስጥ ያልታየ ነገር አይደለም። ሦስቱም በሁለቱም አገሮች ካሉ፣ ልዩነቱን ብቻቸውን ሊያስረዱት አይችሉም።

ቀሪውን ለማስረዳት ደመወዝ እንዴት እንደሚወሰን ማየት ያስፈልጋል። ስዊድን በሕግ የተደነገገ የደመወዝ ወለል የላትም። ይህን የሰማ ሰው አሠሪው እንደፈለገ የሚከፍል ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ደመወዝ የሚወሰነው የሠራተኛ ማኅበራትና አሠሪዎች በሚያደርጉት የኅብረት ስምምነት ሲሆን፣ ከ10 ሠራተኞች 9ኙ ያህል በዚህ ስምምነት ይሸፈናሉ። ማኅበራቱ ለአሥርተ ዓመታት የታገሉት የታችኛው ደመወዝ ከላይኛው ብዙ እንዳይርቅ ነበር፤ ተሳክቶላቸዋልም። ስዊድን አስተናጋጁ፣ ሾፌሩ፣ የጽዳት ሠራተኛው አንገታቸውን ሳይደፉ የሚኖሩባት አገር የሆነችው በዚህ ነው። ከአሠሪው ወገን ሲታይ ግን፣ አዲሱ ሰው ቋንቋውን ባይጨርስም፣ ሥራውን ባይለምድም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከፈለው እንደ ሙሉ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ አሠሪው የሚያውቀውን ይቀጥራል፤ የሚያውቀው ከሌለ ደግሞ የሚያምነው ሰው የጠቆመውን። ልዩ ሥልጠና የማይጠይቁ ሥራዎች ከጠቅላላው ያላቸው ድርሻም በስዊድን ከአውሮፓ ዝቅተኞቹ አንዱ ነው። ብዙ ስደተኛ ይገባበት የነበረው የአረጋውያን እንክብካቤ እንኳ በሩ እየጠበበ መጥቷል፤ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ “የነርስ ረዳት” የሚለውን የሙያ ስም ለመያዝ ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

መንግሥቱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ኤስ ኤፍ አይ የሚባለው የስዊድንኛ ትምህርት በነፃ ነው፤ የጎልማሶች ትምህርት ቤቱ ኮምቩክስም በነፃ ነው፤ ለአሠሪው የደመወዙን ከፊል የሚመልሱ ፕሮግራሞችም አሉ። የጎደለው፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ከሌላው ጫፍ የሚጠብቅ አሠሪ ነው። ሰውየው ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ተምሮ፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ሲወጣ “ስዊድን ውስጥ የት ሠርተሃል?” ይባላል።

ጀርመን ደግሞ አውስቢልዱንግ የሚባል የሙያ ሥልጠና አላት። ሀበሻው እንዳለ በጀርመንኛ ስሙ ስለሚጠራው እኔም እንዲሁ ልተወው። ሠልጣኙ የሚፈርመው ከድርጅት ጋር ነው፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ቀሪውን ሥራ ላይ ይውላል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ከጋጋሪነት እስከ ኤሌክትሪክ ሥራ ከ300 በላይ ሙያዎች በዚህ መንገድ ይሰጣሉ፤ በመጨረሻ የሚገኘው ወረቀት ሙኒክም ፍሌንስቡርግም እኩል ይታወቃል። ሚስጥሩ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ጀርመን በ2015 የጀመረችው፣ በ2025 በሰዓት 12.82 ዩሮ የደረሰው የደመወዝ ወለል ሠልጣኝን አይመለከትም። በ2025 ሥልጠና ለጀመረ ሰው በሕግ የተቀመጠው የመጀመሪያ ዓመት መነሻ በወር 682 ዩሮ ነው። በሕዝብ ሆስፒታል ነርስነት የሚሠለጥን ከ1,000 ዩሮ በላይ ያገኛል፤ ሌላው እንደ ሙያውና እንደ ክልሉ ነው።

በግልጽ ቋንቋ፣ ጀርመን አዲሱን ሰው በርካሽ ማስገባትን በሕግ ፈቅዳለች፤ ስዊድን ርካሹን ከልክላለች። የትኛው ይበልጥ ሰብአዊ ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ቶሎ መልስ የለኝም። 30 ዓመት የሞላው፣ አገር ቤት ቤተሰብ የሚረዳ ሰው በ1,000 ዩሮ ሦስት ዓመት ኑር ሲባል ቀላል አይደለም። ብዙዎች በዓመቱ አቋርጠው ወደ መጋዘን ሥራ የሚገቡት ለዚህ ነው፤ መጋዘኑ ዛሬውኑ ይከፍላል። ሆኖም በክብር ስም ተዘግቶ የሚኖር በርም ክብሩ ለውስጠኞቹ ብቻ ነው።

ስታቲስቲክሱን ራሱን ይህ ልዩነት እንደሚያዛባው ማስታወስ ያስፈልጋል። የጀርመኑ ሠልጣኝ ውል ስላለው “ሥራ ያለው” ተብሎ ይቆጠራል። ስዊድን ውስጥ ያው ሙያ በትምህርት ቤት የሚማረው ወጣት ግን ከትምህርቱ ጎን ሥራ ከፈለገና ካላገኘ “ሥራ አጥ” ነው። በ2024 የወጣቶች ሥራ አጥነት በስዊድን ከ20 በመቶ በላይ፣ በጀርመን ከ7 በመቶ በታች ሲባል ከልዩነቱ የተወሰነው የአቆጣጠር ነው። ሁሉም ግን አይደለም።

ወደ ስደተኛው ስንመጣ ነገሩ ይከርራል። ጀርመን በ2016 ባወጣችው ሕግ፣ ጥገኝነት ጠይቆ ውድቅ የተደረገበት ሰው ሥልጠና ላይ ከሆነ ለሦስት ዓመቱ እንዳይባረር፣ ሲጨርስም በሙያው ለሁለት ዓመት እንዲሠራ መንገድ ከፍታለች። ቅድመ ሁኔታው ብዙ ነው፤ ማንነትን የሚያረጋግጥ ሰነድ ሲጎድል የሚወድቀው ጥቂት አይደለም። ቢሆንም ሥልጠናው ራሱ ከለላ ሆነ። ስዊድን በተቃራኒው ሄደች። ጥገኝነቱ ውድቅ የሆነበት ሰው ሥራ ካለው ከአገር ሳይወጣ ወደ ሥራ ፈቃድ የሚዛወርበት መንገድ ነበራት፤ ሚያዝያ 1 ቀን 2025 ዘጋችው። ከዚያ በፊት ያገኙትም ፈቃዳቸውን በቀድሞው መንገድ ማደስ አልቻሉም። ለዓመታት ግብር የከፈለ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ሥር አረጋውያንን ሲያጥብ የኖረ ሰው “ውጣና ከውጭ አመልክት” ተባለ። የዚህ ጥቅም እስካሁን አልታየኝም።

ከውጭ የሚያመለክተውም ቢሆን የሚጠብቀው አለ። በኅዳር 2023 ለስዊድን የሥራ ፈቃድ የሚቀርበው ደመወዝ ከአገሪቱ መካከለኛ ደመወዝ 80 በመቶ እንዳያንስ ተደነገገ፤ በሰኔ 2025 ይህ በወር 29,680 ክሮና ደርሶ ነበር። የጽዳትና የምግብ ቤት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አይከፍልም። ያ ማለት ስዊድን ዛሬ የምትፈልገው ሙያውን ጨርሶ የመጣውን ነው። እሱም ቢሆን ያልተጠበቀ ነገር አያጣውም። ሼሌፍቴዮ በምትባል የሰሜን ከተማ የባትሪ ፋብሪካ የገነባው ኖርዝቮልት ከልዩ ልዩ አገር ሰው ሰብስቦ ነበር፤ መጋቢት 2025 ሲከስር በሥራ ፈቃድ የመጡት ሠራተኞች ሌላ አሠሪ ለማግኘት የነበራቸው ጊዜ ሦስት ወር ነው።

እስካሁን ለጀርመን ያደላሁ ይመስላል፤ ለመግባቱ አዎን። ከገቡ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው።

ጀርመን የወረቀት አገር ናት። አሥር ዓመት የሠራ ኤሌክትሪሻን ወረቀት ከሌለው ያልተማረ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙም እንደዚያው። በርካሽ የገባ ሰው በርካሽ የሚቀርበት ጉድጓድም አለ፤ ሚኒጆብ ይባላል። በ2025 በወር እስከ 556 ዩሮ ይከፈልበት የነበረው ይህ ሥራ የሥራ አጥ መድን የለውም፣ የጤና መድንም አያስገኝም። የሚይዙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ግብሩም ይገፋፋቸዋል። ባልና ሚስት ገቢያቸው ተደምሮ ስለሚታሰብ፣ ከፍ ያለ ደመወዝ ያለው ቀላሉን የግብር መደብ ይይዛል፤ ሌላኛዋ የምታገኘው ጥቂት ደመወዝ በየወሩ ብዙ ይቆረጥበታል። ቤት ውስጥ ሒሳብ ሲሠራ “ለዚህ ብለሽ ነው ልጁን የምትተዪው?” ይመጣል። ልጁ ዓመት ሲሞላው የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ የማግኘት መብት ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በሕግ ተጽፏል፤ ቦታው ግን በብዙ ከተሞች ወረፋ ነው።

ስዊድን ባልና ሚስትን ለየብቻ ግብር ማስከፈል የጀመረችው በ1971 ነው። የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ ከ2002 ጀምሮ ጣሪያ አለው። ከ480ው ቀን ለእያንዳንዱ ወላጅ 90 ቀን ለሌላው የማይተላለፍ ነው፤ አባትየው ካልወሰደው ይቃጠላል። የሥራ በር የተከፈተላት እናት እዚያ የምታገኘውን ነፃነት ጀርመን ውስጥ ለማግኘት በጣም መድከም አለባት። የትምህርቱም ልዩነት በልጆች ላይ ይወድቃል። በአብዛኞቹ የጀርመን ክልሎች ልጆች ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወደ ተለያየ የትምህርት ቤት ዓይነት ይመደባሉ፤ በርሊንና ብራንደንቡርግ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ይጠብቃሉ። በዘጠኝ ዓመቱ ጀርመን የገባ ልጅ ቋንቋውን ሳይጨርስ ይለያል። የስዊድን ልጆች እስከ 16 ዓመታቸው አብረው ይማራሉ፤ በ35 ዓመቷ ነርስ ልሁን ያለችም የምትማርበት መንገድ አላት።

ስለ ቤት አንድ ነገር ብቻ ልበል። በስቶክሆልም የከተማው የኪራይ ቤት ወረፋ በአማካይ ወደ አሥር ዓመት ይጠጋል፤ አዲስ ሰው የሚኖረው ከተከራይ ተከራይቶ፣ በየዓመቱ ሻንጣ እያነሣ ነው። ሙኒክና ፍራንክፈርትም ኪራይ ውድ ነው፤ ግን ጀርመን ትልቅ አገር በመሆኗ ሥራም ቤትም ያላቸው መካከለኛ ከተሞች በርካታ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ከደመወዝ ለይቶ ያየዋል፤ ቤት የሌለበት ከተማ ያለ ሥራ ግን እንደሌለ ይቆጠር።

ፍርዴ ይህ ነው። ብቻውን የሆነ፣ ወጣት፣ ዲግሪ የሌለው ወይም ዲግሪው ሥራ ያላስገኘለት ሰው ጀርመን ይሻለዋል። ሙያና የተፈረመ ውል ይዞ ከትዳር ጓደኛና ከልጆች ጋር የሚሄድ ስዊድንን በደንብ ያስብበት። ሁለተኛው ዓይነት ሰው ጥቂት መሆኑን ግን አንርሳ፤ የስዊድን ጥሩ ስም የተገነባው በእሱ ኑሮ ላይ ነው።

ጀርመንን ለመረጠ፣ ቋንቋው አገር ቤት ሳለ ቢጀመር ይበጃል፤ ለአውስቢልዱንግ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ ቢ1 ደረጃ ይጠየቃል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጎይተ ኢንስቲትዩት ያስተምራል፣ ይፈትናልም። የሥልጠና ውል እንሸጣለን የሚሉ ደላሎችም እየበዙ ነው። ገንዘብዎን ከመስጠትዎ በፊት ይህን ይወቁ፦ ሠልጣኙ ለሥልጠናው እንዲከፍል የሚያስገድድ ስምምነት በጀርመን ሕግ ዋጋ የለውም፤ በውሉ መሠረት ከፋዩ ድርጅቱ ነው።