ወረቀት ነው ወይስ እሳት?

አያቴ የቡሬ ሰው ነበሩ። ልጅ ሆኜ ለክረምት እሳቸው ዘንድ ስሄድ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ግንባራቸውን በእጃቸው ከለል አድርገው ሽቅብ እያዩ፣ “ይኼስ ወረቀት ነው ወይስ እሳት?” ይሉ ነበር። እኛ እንስቅ ነበር። ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ ስለ 1933 ዓ.ም. የጎጃም ዘመቻ የተጻፈውን ማንበብ ስጀምር ነው። በዚያ ዓመት በጎጃም ሰማይ ከሚያልፉት አውሮፕላኖች አንዳንዱ ቦምብ፣ አንዳንዱ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ ይጥል ነበር። ለካ አያቴ አይቀልዱም ነበር!

እንደሚታወቀው ጣልያን እንግሊዝን ወግታ ጦርነት የገባችው በሰኔ 1932 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ከ300 በላይ የጦር አውሮፕላኖች ነበሯት። ቁጥሩ ያስፈራል። ይሁን እንጂ የስዊዝ ቦይ በእንግሊዞች እጅ ስለነበር መለዋወጫም፣ ጎማም፣ ነዳጅም በመርከብ መምጣቱ ቀረ። ጣልያኖች ለዚህ ያገኙት መላ ዛሬም ያስገርማል። “ሲ አር 42” የሚባሉትን ተዋጊ አውሮፕላኖች ፈታትተው፣ “ኤስ ኤም 82” በተባለው ትልቅ የማመላለሻ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ከተው፣ በረሃውን አሻግረው ያመጧቸውና እዚህ መልሰው ይገጣጥሟቸው ነበር። በዚህ ዓይነት 50 ያህል አውሮፕላኖች ገብተዋል።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ የተሻለ ነገር አልነበራቸውም። ለንደን ራሷ ሌት ተቀን በጀርመን ቦምብ ትደበደብ ስለነበር፣ የጎጃም ጦርነት ለእነሱ የሩቅ አገር ጉዳይ ነበር። ለሱዳኑ የአየር ኃይላቸው የተረፈው አብዛኛው ጊዜው ያለፈበት አውሮፕላን ነው።

ሻለቃ ዊንጌት ወደ ሰከላ የበረረውም በዚህ ሁኔታ ነው። ኮሎኔል ሳንድፎርድ “ሚሽን 101” የተባለውን ትንሽ ቡድን እየመራ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በእግርና በበቅሎ ወደ ጎጃም ገብቶ ነበር። (የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱንም የሚያውቃቸው በትምህርት ቤት ስም ነው።) ከሳንድፎርድ ጋር የነበሩት አዛዥ ከበደ ተሰማ፣ የማይስማሙትን አርበኞች ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ነጋሽ በዛብህን ለማስማማት ብዙ ደክመዋል። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ዊንጌት ሳንድፎርድን ሊያነጋግር ሰከላ አረፈ። ያረፈበት የአውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ለዚያ ቀን ሲባል በእጅ የተጠረገ ተራራማ ሜዳ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ የፊዚክስ ነገር ላንሣ። የግሽ ዓባይ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚምገው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ስለሳሳበት ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የበለጠ ፍጥነት ማለት ደግሞ የበለጠ ረጅም ሜዳ ማለት ነው። ቦሌ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ 3,800 ሜትር የሚጠጋ ማኮብኮቢያ የተሠራለት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰከላ ላይ ግን ገደል እንጂ ተጨማሪ ሜዳ ከየት ይመጣል? ማረፉስ ይሁን፣ መነሣቱ ነው የሚከብደው። ተነሣ፤ ዊንጌትም ወደ ካርቱም ተመለሰ። በኋላ በ1936 ዓ.ም. በበርማ ጫካ ከጃፓን ጦር ጀርባ ከ9,000 በላይ ወታደሮችን በተንሸራታችና በማመላለሻ አውሮፕላን ሲያሰፍር፣ የሰከላው ሜዳ በሐሳቡ ሳይመጣ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። በዚያው ዘመቻ የሞተውም በአውሮፕላን አደጋ ነው።

በእነዚያው ሳምንታት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ዳንግላን ደበደቡ፣ ወረቀትም በተኑ። ጉዳቱ ትልቅ አልነበረም። የጎጃም ሰው ግን ከወረራው ዓመታት ጀምሮ በሰማይ ያየው የጠላት አውሮፕላን ብቻ ነበርና፣ በጣልያን ላይ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን ማየቱ ልቡን አበረታው። የቅስቀሳውን ሥራ የሚመራው ጆርጅ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። በስፔን የጌርኒካ ከተማ በ1929 ዓ.ም. በአውሮፕላን መደብደቧን ለዓለም ያሳወቀው እሱ ነው። ቦምብ ምን እንደሚሠራ አይቶ የጻፈ ሰው፣ በጎጃም ላይ በአማርኛ የታተመ ወረቀት አስበተነ።

የጣልያኖቹ እሳትስ? ካፕሮኒ 133 ባለ ሦስት ሞተር፣ ቀርፋፋ አውሮፕላን ነበር። ከመሬት 2,000 ሜትር ከፍ ብሎ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ ቦምብ ቢለቅ፣ ቦምቡ መሬት እስኪደርስ 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደፊት ይሄዳል። የሚለቀው ሰው በአንድ ሰከንድ ቢዘገይ ቦምቡ 55 ሜትር ያልፋል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ድንጋይ ጥግ የተኛ አርበኛ አይመታም። የሚመታው መንደር ነው፣ ገበያ ነው፣ የከብት መንጋ ነው። አርበኛውንና ገበሬውን ከላይ ሆኖ መለየትም አይቻልም፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነበሩና።

የአየር የበላይነቱ ቡሬንም አላዳነም። የጌዴዎን ጦር ከ15,000 በላይ ግመሎችን እየነዳ ነበር የመጣው፤ አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል። ቡሬ ላይ የደረሰው ጥቂት መቶ ሰው በሌሊት ምሽጎቹን እያስጨነቀ፣ አርበኞቹም ዙሪያውን እየቆረጡ፣ የጣልያኑ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ጠላቱ እጅግ ብዙ መሰለው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ብዙ ሺሕ ሠራዊቱን ይዞ ቡሬን ለቀቀና በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። አውሮፕላን እያለው ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ አላወቀም።

ያፈገፈገበት መንገድ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ባለችበት ያልፋል፤ የስሟ ትርጉም “የሰላም መንገድ” ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ማለዳ፣ ከተማዋ መሐል የአየር ጥቃት መሆኑ የተዘገበ ፍንዳታ ደረሰ። የሆስፒታል ኃላፊ ለውጭ ዜና ወኪሎች እንደተናገሩት 26 ሰዎች ሞተዋል፣ ከ50 በላይ ቆስለዋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ሰሞን ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ጠቅሶ በመኖሪያ ሠፈሮች ስለደረሰ ጥቃት መግለጫ አውጥቷል።

የዘመናችን ድሮኖች እንደ ካፕሮኒ አይስቱም። ከድሮኑ የሚወጣው የሌዘር ጨረር ኢላማው ላይ ያርፋል፤ ሚሳይሉም የሚንጸባረቀውን ብርሃን ተከትሎ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይደርሳል። ደመናና አቧራ ጨረሩን ሊያቋርጡት ይችላሉ፤ የጎጃም ነሐሴ ደግሞ ምን ዓይነት ደመና እንዳለው የሚያውቅ ያውቀዋል። የ55 ሜትሩ ስሕተት ግን በአብዛኛው ተወግዷል። ያልተወገደው የናታሌ ችግር ነው። ካሜራው ሰው መኖሩን ያሳያል፤ ማን እንደሆነና ለምን እዚያ እንደቆመ አያሳይም። ያንን የሚሞላው የስልክ ጠለፋ፣ ጥቆማና ግምት ነው። ጥቆማው የተሳሳተ እንደሆነ ሚሳይሉ ያለ ምንም እንከን የተሳሳተ ቦታ ይደርሳል።

አያቴ ይህን ሳያዩ አርፈዋል። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ቡሬ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ያገኘኋት በስንት ሙከራ በስልክ ነው። ልጆቹ ድምፁን ከሩቅ መለየት እንደለመዱ፣ ሲሰሙትም ወደ ሰማይ እንደማያዩ፣ ዝም ብለው ወደ ቤት እንደሚገቡ ነገረችኝ።