የዛፉ እኩል አራሽ

ፖርቶ ሪኮ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት ፓይን ለማልማት ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ ተለፍቷል። ዘሩ ይበቅላል፤ ችግኙ ጥቂት ከፍ ይልና ይቢጫል፣ ይጫጫል፣ በመጨረሻም ይደርቃል። በ1955 ከአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ከፓይን ዛፍ ሥር የተዘገነ አፈር መጥቶ ችግኞቹ ላይ ተጨመረ። አፈሩ የደረሳቸው አረንጓዴ ለብሰው ሽቅብ ተመዘዙ፤ ያልደረሳቸው ጎረቤቶቻቸው እንደጫጩ ቀሩ። በጭብጥ አፈር ውስጥ የመጣው ማዳበሪያ አይደለም። ደሴቲቱ የራሷ ፓይን ስላልነበራት ከፓይን ሥር ጋር የሚኖረው ፈንገስም አልነበራትም፤ የጎደለው እሱ ነበር።

የሥርና የፈንገስ ኑሮ ማይኮራይዛ ይባላል። ስሙን በ1885 ያወጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው። ፍራንክ የታዘዘው ለሌላ ሥራ ነበር፦ የፕሩሲያ መንግሥት ትረፍል የተባለውን ውድ እንጉዳይ ማልማት ይቻል እንደሆነ አጥና ብሎታል። ትረፍሉ አልሆነለትም። የዛፎቹን ሥር ሲመረምር ግን ቀጫጭኖቹ ጫፎች በፈንገስ ተሸፍነው አገኘ። በሽታ ነው ብሎ እንዳያልፈው ዛፎቹ ጤነኞች ናቸው። ፈንገሱ ዛፉን ይመግበዋል ብሎ ሲጽፍ ብዙ የዘመኑ ሰዎች አልተቀበሉትም።

ዛፉ ለምን የሌላ እጅ ያስፈልገዋል? ዋናው ምክንያት ፎስፈረስ ነው። ናይትሬት ከውሃ ጋር እየፈሰሰ ወደ ሥር ይመጣል፤ ፎስፈረስ ግን ከአፈሩ ብረትና አልሙኒየም ጋር ተጣብቆ ከቦታው አይነቃነቅም። የደጋችን ቀይ አፈር በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። ሥር በዙሪያው ያለችውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ጠርጎ ከበላ በኋላ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ የሚመጣለት የለም። የፈንገሱ ክር ውፍረት በአብዛኛው ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ አይበልጥም፤ ስለዚህ ሥር በማያልፍበት ስንጥቅ ሾልኮ፣ ሴንቲ ሜትሮች ርቆ ሄዶ ይለቅማል።

አያያዙ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። በፓይን ላይ ፈንገሱ የሥሩን ጫፍ ከውጭ ይሸፍነዋል። የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ላደረገ ሰው፣ ለሁለት ለሁለት የተሰነጠቁና ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን የለበሱ አጫጭር ሥሮች በባዶ ዓይን ይታያሉ። ዝናብ ሲዘንብ ከፓይን ሥር ከሚፈላው እንጉዳይ ብዙው የዚሁ ፈንገስ ፍሬ ነው።

ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት የሁለተኛው ወገን ናቸው። ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያን ደጋማ ደኖች አገር በቀል ዛፎች መርምረው በ2003 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። በእነዚህ ዛፎች ሥር ላይ ከውጭ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ፈንገሱ ውስጥ ገብቷል። እሱን ለማየት የሚያስፈልገው ዝግጅት ቀላል መሆኑ ይገርመኛል፦ ሥሩን በፖታሽ ቀቅሎ ማንጣት፣ ከዚያ በተራ የብዕር ቀለምና በሆምጣጤ መዘፍዘፍ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሥሩ ነጥቶ፣ ቀለሙን የያዘው ፈንገሱ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። አንዲት ክር የአንዱን ሴል ግድግዳ በስታ ትገባና እዚያው እየተከፋፈለች፣ እየቀጠነች ሴሉን ትሞላዋለች። ፎስፈረሱ የሚወጣው፣ ክፍያው የሚገባው እዚህ ነው። ዕድሜዋ ጥቂት ቀን ነው፤ ትከስምና ሌላዋ በሌላ ሴል ትተካለች።

ክፍያ ያልኩት ውሉ የእኩል እርሻ ዓይነት ስለሆነ ነው። ባለመሬቱ መሬት እንደሚሰጥ ዛፉ ከፀሐይ ያበጀውን ስኳር ይሰጣል፤ ፈንገሱ ጉልበቱን። ዛፉ ስኳር ብቻ ሳይሆን ቅባትም ይሰጣል፤ ሥር ውስጥ የሚገባው ፈንገስ የራሱን ቅባት መሥራት እንደማይችልና ከተክሉ እንደሚወስድ በ2017 የወጡ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ይህን ፈንገስ እርሾ በማሰሮ እንደሚባዛው ያለ ሕያው ሥር ማባዛት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ተመራማሪዋ ቶቢ ኪርስና ባልደረቦቿ በ2011 እንዳሳዩት፣ ተክሉ ብዙ ፎስፈረስ ላመጣለት ፈንገስ ብዙ ስኳር ይለቃል። አፈሩ በማዳበሪያ ፎስፈረስ ከጠገበ ደግሞ ተክሉ ፈንገሱን ቀስ በቀስ ከሥሩ ያስወጣዋል። ዛፎች በፈንገሱ በኩል ልጆቻቸውን ይመግባሉ የሚለው ዝነኛ ወሬ እዚህ ላይ ይቸግረኛል። የደን ተመራማሪዋ ሱዛን ሲማርድ በ1997 በካናዳ ደን ካርቦን ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላው ማለፉን ለክታለች፤ ከዚያ ተነስቶ የእናትነት ታሪክ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2023 ማስረጃውን አንድ በአንድ ያገላበጡ የሙያው ሰዎችም ከደን የተገኘው መረጃ ያን ያህል አያስኬድም ብለዋል።

ሥሩና ፈንገሱ ጨለማ ውስጥ እንዴት ይገናኛሉ የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በዞረ መንገድ ነው። በ1966 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከጥጥ ሥር የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ለዩ። አቀንጭራ የማሽላና የበቆሎ ጠላት የሆነ አረም ነው፤ እንደ ብናኝ የደቀቀ ዘሩ ለዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ግን አንድ ተክል ጠላቱን የሚጠራ ነገር ለምን ያመነጫል? መልሱ የመጣው በ2005 ከጃፓን ነው፦ ጥሪው ለፈንገሱ ነበር። ፎስፈረስ ያጣ ሥር ንጥረ ነገሩን ወደ አፈር ሲለቅ የፈንገሱ ክር ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ ሥሩ ይዘረጋል፤ አቀንጭራ ለሌላ የተላከውን ጥሪ እየሰማ የሚመጣ ነው።

አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበለው ኢትዮጵያዊው ገቢሳ ኤጀታ ነው። ከተጠቀመባቸው ባሕርያት አንዱ አቀንጭራን እምብዛም የማይቀሰቅስ ሥር ነበር። ከዓመታት በኋላ የዚህ ባሕርይ ጂን ሲለይ ማሽላው ጥሪውን እንዳላቆመ ታወቀ፤ የሚለቀው ንጥረ ነገር ዓይነቱ ተቀይሮ ነው፣ አዲሱ ደግሞ አቀንጭራን ብዙም አይቀሰቅሰውም።