ሊኑክስ በአነስተኛ ዐቅም ላፕቶፕ ላይ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመጫኑ በፊት ሊያጤናቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ስለዚህም በሆሳዕና በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚማርም ሆነ በዱራሜ ወይም በሾኔ ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ፣ ባለ 2 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ፣ ማሽኑ ሳይበላሽ ከድጋፍ ውጭ ይሆንበታል። ፍላሽ ከአንዱ የጽሕፈት አገልግሎት ወደ ሌላው በሚዘዋወርበት ሁኔታ ደግሞ፣ የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ማሽን የወራት የመስክ መረጃን ለአደጋ ያጋልጣል። ለዊንዶውስ ተብለው የተሠሩ የፍላሽ ቫይረሶች በሊኑክስ ላይ በአብዛኛው አይሠሩም።

ሊኑክስ በራሱ ቀላል ነው የሚለው አነጋገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው የስርዓቱ እምብርት በእርግጥ በጥቂት ራም ይሠራል። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የተሞከረው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተሰኘው ፕሮጀክት ማሽን ሊኑክስን ያሠራ የነበረው በ256 ሜጋባይት ራም ነው። ክብደቱ የሚመጣው ከላይ ከሚደረበው ገጽታ ነው፤ ኖም ሰፊ ራም ሲፈልግ ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስኪዩቲ በጥቂቱ ይብቃቃሉ። ስለዚህ 2 ጊጋባይት ላለው ማሽን ሉቡንቱ ወይም ኤምኤክስ ሊኑክስ፣ ከዚያ በታች ላለው አንቲኤክስ ይመረጣል። ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ከሆነ ምርጫው ይጠብባል፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን መጫኛ አላዘጋጀም።

መጫኛው ፋይል ብዙውን ጊዜ ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ፣ በሞባይል ዳታ እያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻው ከሚያወርደው አንዱ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ አውርዶ ለሌሎች ቢያካፍል ይሻላል። የተቀዳው ፋይል እንዳልተጓደለ የማረጋገጫ ቁጥሩን ከአዘጋጆቹ ቁጥር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ በመሀል የሚቋረጥ ጭነት ብዙ ጊዜ መነሻው እዚህ ነው። ፋይሉ ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ከተጻፈ በኋላ ላፕቶፑን ሳይጭኑ ከፍላሹ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል። ዋይፋዩ፣ ድምፁና የስክሪኑ ብርሃን የሚፈተኑት በዚህ ጊዜ ነው። ዋይፋዩ ካልታወቀ ስልክን በዩኤስቢ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት መጠቀም ችግሩን ለጊዜው ይፈታል።

ዲስኩን የሚከፋፍለው ደረጃ ላይ መቸኮል አይገባም። «ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፋ» የሚለው ምርጫ የመስክ ቃለ መጠይቁንም አብሮ ያጠፋል። መረጃው አስቀድሞ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መቀመጥ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን፣ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ይህን ሥራ መጀመርም ተገቢ አይደለም።

ለአካባቢው ተመራማሪ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የጽሕፈት ጉዳይ ነው። ሀዲይሳና ከምባትሳ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ተጨማሪ ነገር አይጠይቁም። ለአማርኛ ደግሞ አይባስ የተባለው የግቤት ፕሮግራም ከኤም17ኤን ፓኬጅ ጋር ሲጫን በእንግሊዝኛ ቁልፎች ድምፁን እየተከተሉ መጻፍ ያስችላል፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ የግዕዝ ፎንትም በነጻ ይገኛል። እውነተኛው ፈተና ያለው በአሮጌ ሰነዶች ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት፣ ለምሳሌ በቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች፣ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያሉ ሰነዶች ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። በኋላ ማድረግ የማይቻል ባይሆንም እጅግ አድካሚ ነው።

ለትንተና አር እና ስታታ በሊኑክስ ይሠራሉ፤ ፒኤስፒፒ ደግሞ የኤስፒኤስኤስን የመረጃ ፋይሎች ይከፍታል። ሊብሬኦፊስ የወርድ ሰነድ ቢያነብም ሠንጠረዦችና የገጽ ቁጥሮች ሊዛነፉ ይችላሉ። አማካሪው በወርድ አስተያየት የሚጽፉ ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንድ ምዕራፍ ልኮ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ከተጫነ በኋላም ላፕቶፑን የሚያንቀራፍፈው አብዛኛውን ጊዜ ብራውዘሩ ነው። ዜድራም የተባለው አሠራር በራም ውስጥ ያለውን መረጃ አጭቆ በማስቀመጥ ትንፋሽ ይሰጣል። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ግን ከየትኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ ይልቅ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚመረጠው ጊዜ የንድፈ ሐሳቡ ጽሑፍ ገና ሲጀመር ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ስርዓተ ክወና መቀየር አይመከርም።