የእርምጃው ሒሳብ ለምን አይገጥምም?

አንድ የመርካቶ ነጋዴ እንውሰድ። ሐኪሙ “ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ በየቀኑ ይራመዱ” ብሎታል። ነጋዴውም ከምናለሽ ተራ ሰባተኛ፣ ከሰባተኛ አውቶቡስ ተራ ሲመላለስ ይውልና ማታ ስልኩን ይከፍታል። የስልኩ የጤና መዝገብ 8,400 እርምጃ ይላል። ገንዘብ ከፍሎ ያስገባው የልማድ መከታተያ ፕሮግራም ግን ዜሮ ይላል። ለ40 ቀናት ሳይቋረጥ የመጣው ምልክትም ተሰርዟል። ነጋዴው በንዴት ፕሮግራሙን አጥፍቶ ሌላ ይገዛል። ሳምንት ሳይሞላው አዲሱም ያንኑ ያደርጋል።

ይህ ሰው ያጋጠመው ችግር ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። በመጋዘን ያለው ዕቃና በሱቅ መዝገብ የሰፈረው ቁጥር አልገጠሙም። እንዲህ ሲሆን ማንም አስተዋይ ነጋዴ መዝገቡን ቀዶ አይጥልም፤ ቁጥሩ የት ላይ እንደጠፋ ከመጋዘኑ ጀምሮ ይፈትሻል። የስልኩም ጉዳይ መፍትሔው ይኸው ነው።

ቁጥሩ ተራ ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ ቢኖርም፣ በሌላው ዓለም እርምጃ የገበያ ዕቃ ከሆነ ቆይቷል። የደቡብ አፍሪካው ዲስከቨሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1997 በጀመረው ቫይታሊቲ በተሰኘው ፕሮግራም ደንበኞች ጤናቸውን በመጠበቃቸው ጥቅም ያገኛሉ። የአሜሪካው የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ጆን ሃንኮክ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2018 የቀድሞውን ዓይነት ውል መሸጥ አቁሞ ከቫይታሊቲ ጋር የተያያዘውን ብቻ እንደሚሸጥ አስታውቋል። ቢማይንደር በተባለው አገልግሎት ቃሉን ያላከበረ ተጠቃሚ ከራሱ ኪስ ገንዘብ ይቀጣል። ቁጥሩ በመንገድ ላይ ሲጠፋ እንግዲህ ገንዘብም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

መጋዘኑ፣ በረኛውና ሱቁ

ዕቃው በሦስት እጅ ያልፋል። እርምጃውን የሚቆጥረው በስልኩ ወይም በእጅ ሰዓቱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው። የተቆጠረው በስልኩ የጤና መጋዘን ይቀመጣል። የልማድ መከታተያው ከመጋዘኑ ወስዶ በራሱ መዝገብ ላይ ምልክት ያደርጋል።

በአይፎን መጋዘኑ ሄልዝ ይባላል፤ አፕል እ.ኤ.አ በ2014 ያወጣው ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ጉግልና ሳምሰንግ እ.ኤ.አ በ2022 ይፋ ያደረጉት ሄልዝ ኮኔክት አለ። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ ተጠቃሚው ራሱ ማስገባት ይኖርበታል። ቀድሞ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ጉግል ፊት ሲሆን፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ከእርሱ መረጃ የሚወስዱበት መንገድ በ2026 እንደሚቋረጥ ጉግል አስታውቋል። ስለሆነም አሮጌውን መንገድ ይዞ የቆየ መከታተያ አንድ ቀን ባዶ እጁን ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም። ፕሮግራሙን ማሳደስና ከሄልዝ ኮኔክት ጋር እንደገና ማገናኘት ያስፈልጋል።

ፍተሻው ከመጋዘኑ ይጀምራል። የዛሬው እርምጃ በሄልዝ ወይም በሄልዝ ኮኔክት ውስጥ አለ? ከሌለ መከታተያውን መውቀስ ከንቱ ነው። በአይፎን እርምጃ መቁጠርን የሚፈቅደው ማብሪያ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ሄልዝ ኮኔክት በበኩሉ በዋናነት ዕቃ ተቀባይ ነው፤ እንደ ሳምሰንግ ሄልዝ ያለ ሌላ ፕሮግራም እርምጃውን እንዲያስገባለት መታዘዝ አለበት። አምራቹ ዕቃ ካልላከ መጋዘኑ ባዶ ነው።

ዜሮ ሁሉ ዜሮ አይደለም

በመጋዘኑ ውስጥ ቁጥሩ ካለ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው በረኛው ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በአይፎን ተጠቃሚው ፕሮግራሙ እርምጃውን እንዳያነብ ከከለከለ፣ አፕል መከልከሉን ለፕሮግራሙ አይነግርም። የሰውን የጤና ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል፣ ለፕሮግራሙ የሚታየው መረጃው ጭራሹን እንደሌለ ሆኖ ነው። ስለዚህ መከታተያው “ፈቃድ አጣሁ” ብሎ አያማርርም፤ ዜሮ ጽፎ ዝም ይላል። ባለቤቱም ዜሮውን አይቶ ፕሮግራሙ ተበላሸ ይላል።

መድኃኒቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በአይፎን ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ሄልዝ፣ ቀጥሎ የመከታተያውን ስም መክፈትና የእርምጃውን ማብሪያ ማብራት ነው። በአንድሮይድ ሴቲንግስ ላይ ሄልዝ ኮኔክት ብሎ ፈልጎ የፈቃድ ዝርዝሩን ማየት ይበቃል። የሚያስፈልገው እርምጃ ብቻ ከሆነ የእንቅልፉንና የልብ ምቱን በር መክፈት አያስፈልግም።

ፈቃዱ ተሰጥቶ ሳለ ቁጥሩ የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። አይፎን በቁልፍ ሲዘጋ የጤናው መጋዘንም አብሮ ስለሚቆለፍ፣ ባለቤቱ እስኪከፍተው ድረስ መከታተያው ገብቶ ማንበብ አይችልም። ባትሪ ለመቆጠብ የሚደረገው ትዕዛዝም ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ያስቆማል። በአንድሮይድ በኩል አንዳንድ አምራቾች በዚህ ረገድ እጅግ ጨካኞች ናቸው። ለመከታተያው ከባትሪ ቁጠባው ነፃ የሚያደርገውን ፈቃድ መስጠትና ማታ ከመተኛት በፊት አንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት ብዙውን ጣጣ ያስቀራል።

ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ዕቃ

ስህተቱ ሁልጊዜ በማነስ አይመጣም። ስልክ በኪሱ፣ ሰዓት በእጁ ያለው ደላላ አንዱን መንገድ ሁለቱም ይቆጥሩለታል። ሰዓቱ 6,200፣ ስልኩ 5,100 ቢያስገቡ፣ ጥሬውን መረጃ ዝም ብሎ የሚደምር መከታተያ 11,300 ይላል። ይህ በሁለት ደረሰኝ የተመዘገበ አንድ ኩንታል እንደማለት ነው፤ ቢያስደስትም ትርፍ አይደለም። በሄልዝም ሆነ በሄልዝ ኮኔክት ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጠውን መሣሪያ በተራ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚህም በኋላ መከታተያው ሁለቱን የሚደምር ከሆነ፣ ከአንደኛው ምንጭ ብቻ እንዲያነብ ማድረግ ነው።

ቀኑ የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው?

ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ የተለየ ትኩረት የሚያሻው የሰዓት ጉዳይ ነው። የስልኩ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ቀኑን በግሪንዊች አቆጣጠር የሚዘጋ መከታተያ ግን፣ አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ሒሳቡን የሚዘጋው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ መካከል ከቦሌ ዕቃ ተቀብሎ የሚመለስ ሰው እርምጃው በአንዱ መዝገብ የዛሬ፣ በሌላው የትናንት ይሆናል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ቀኑን የዘጉት በተለያየ ሰዓት ነው።

ወደ ጓንዡ የሚመላለሱ ነጋዴዎችም ይህን ልብ ሊሉ ይገባል። ጓንዡ አዲስ አበባን በ5 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ሲሄዱ አንዱ ቀን 19 ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ሲመለሱ ደግሞ 29 ሰዓት። በአጠረው ቀን ምልክቱ ቢቋረጥ ፕሮግራሙ በሚፈቅደው መሠረት በእጅ ማስተካከል ማጭበርበር አይባልም። የስልኩን ሰዓት ግን በእጅ ከመነካካት ለአውቶማቲኩ መተው ይሻላል።

ማጥፋት የመጨረሻው ነው

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው በንዴት የሚደረገው ነው። በሄልዝ ኮኔክት ሕግ አንድ ፕሮግራም የተለየ ፈቃድ ካላገኘ በቀር ማንበብ የሚችለው ፈቃድ ከተሰጠው ቀን በፊት ያለውን የ30 ቀን መረጃ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ጠፍቶ እንደገና ሲገባ ቆጠራው ከአዲሱ ቀን ይጀምራል። የስድስት ወር መዝገብ የነበረው ሰው የመጨረሻዋን ወር ብቻ ይዞ ይቀራል። በመከታተያው ውስጥ በእጅ የተሞላው፣ ማለትም የተወሰደ መድኃኒትና የተለካ ስኳር፣ ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ስለሆነም ቅደም ተከተሉ ቢጠበቅ መልካም ነው። መጀመሪያ መጋዘኑ፣ ቀጥሎ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ ባትሪው፣ ከዚያም ድርብ ቆጠራውና ሰዓቱ። ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ፣ የመከታተያውን መዝገብ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ከዚያ በኋላ ማጥፋት ይቻላል።

ወደ መርካቶው ነጋዴ ስንመለስ፣ በስኳሩ ላይ የሚሠራው የተራመደው መንገድ እንጂ የተሰረዘው ምልክት አይደለም። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብም ሊያሳየው የሚገባው በመጋዘኑ ያለውን ዋናውን ቁጥር ነው። 8,400ው እዚያው አለ፤ የሱቁ መዝገብ ብቻ ነው ሳይጽፈው የቀረው።